አሥራ ዘጠኝ እኩል

መስከረም 14

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለጥድፊያ

ካለሽበት ድረስ ሰላምታዬ በናፍቆት ይድረስሽ። እንዴት ከረምሽልኝ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ ትልቅ አውቶቡስሽ እንዴት ነው? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያማርራል፤ እያማረረም ቢሆን ግን ስለሚወጣ አልተቀየምኩትም።

ስለ ጠረጴዛ ቴኒስ ክበባችን ጻፍልኝ ብለሽ ነበር። ክበቡ አለ። ከማተሚያ ቤቱ በላይ ያለችው ያቺው ክፍል ናት፤ ሃያ ሁለቱ ደረጃዎች፣ ሲከፈት የሚያለቅሰው በር፣ ከታች ማሽኑ ሲነሳ የሚንቀጠቀጠው ወለል። ጠረጴዛችን አሁንም አንድ ለእናቱ ነው። በመስኮቱ በኩል ያለው ጥግ እንዳበጠ ነው፤ ኳስ ሲያርፍበት ድርቅ ብሎ ይቀራል። እንግዳ ሲመጣ አንነግረውም።

ዳቦ ጋጋሪው፣ የኛው ግድግዳ፣ እንደ ድሮው ነው። ሥራው ላይ ሊጥ ሲደበድብ ስለሚውል ጠረጴዛው ጋ ሲመጣ ማንንም መደብደብ አይፈልግም፤ የመጣለትን ብቻ ይመልሳል። ይመልሳል፣ ይመልሳል፣ አንቺ በገዛ እጅሽ እስክትሳሳቺ ድረስ ይመልሳል። ፀጉር አስተካካዩም ያው ይቅርታ ነው። ኳሱን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስታኮ ይጥልብሽና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ይቅርታ» ይላል። ባለፈው ሳምንት ግድግዳውን አሥራ አንድ ጊዜ ይቅርታ ጠይቆ አሸነፈው፤ ግድግዳው አንዱንም ይቅር አላለውም። የመድኃኒት ቤቷ ወይዘሮም አለች። የሐኪም ጽሕፈት ማንበብ እንጀራዋ ሆኖ ሳለ፣ የእሷን ሰርቪስ ግን እስከ ዛሬ ያነበበ ሰው አልተገኘም።

የነጥብ ሰሌዳው እንደተውሽው ነው። አሥራ ዘጠኝ እኩል። ታክሲው ጡሩምባውን ሲያስጮህብሽ ራኬትሽን ጠረጴዛው ላይ ጥለሽ የሮጥሽ ዕለት በነበረበት ቆሟል። ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም። እኛ ነጥብ የምንቆጥረው በአፋችን ነው፤ በዚህም የተነሳ ሳንጣላ የምንለያይበት ቀን የለም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እስከ ዛሬ ሲመችሽ ነይ ስልሽ ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ግን እረፍት ወስደሽ ብትመጪና ያቺን የቀረችንን ጨዋታ ብንጨርስ ደስ ይለኛል። ከሰኔ በፊት ቢሆን ይሻላል። ለምን ሰኔ ብለሽ አትመርምሪኝ። ደግሞም ኳሶቻችን ተሰነጣጥቀው አልቀዋልና ጥቂት ብትልኪልኝ።

ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። መንገዱን ያቅናልሽ።

አጎትሽ

*

ጥቅምት 20

ይድረስ ለምወድህ አጎቴ

ጋሼ፣ እንዴት ነህልኝ? ጉልበትህን በርታ በልልኝ። ሁላችሁንም በያላችሁበት እግዜር ይጠብቃችሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። አውቶቡሴም ደህና ነው፤ ከሆስፒታሉ ተነስቼ በገበያው አቋርጬ እስከ ባቡር ጣቢያው፣ ከዚያ ተመልሼ፣ በቀን ዘጠኝ ጊዜ። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ የምትሳፈር አንዲት ሽማግሌ አለች፤ በገባች ቁጥር «ዛሬ ቀስ ብለሽ ንጂ» ትለኛለች። አንተ ነህ የላክሃት?

የአባላቱን ነገር ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔም እዚህ ክበቤን ትቼ አላውቅም። ሐሙስ ሐሙስ ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ ባለ አዳራሽ እንጫወታለን። አንድ ቁልፍ ሠሪ አለ፤ አይመታም፣ የመጣለትን ሁሉ እየመለሰ በገዛ እጄ እስክሳሳት ይጠብቀኛል። አንድ የጥርስ ሐኪም ደግሞ አለ፤ ኳሱ ጠርዝ ነክቶ ነጥብ ሲያገኝ ከልቡ ያዝናል። አበባ ሻጭዋ ግን የምታሳብደኝ እሷ ናት፤ ሰርቪሷ ወዴት እንደሚዞር አይታወቅም። ያም ሆኖ ባለፈው ሐሙስ ሃያ አንድ ለአሥራ ዘጠኝ አሸነፍኳት። እጄ አልዛገም ለማለት ነው፤ ተዘጋጅ።

ስለ መምጣቱ፣ ጋሼ፣ እረፍት የሚሰጡን በተራ ነው። ዘንድሮ ተራዬ የሚደርስ አይመስለኝም። ለከርሞ ግን የግድ እመጣለሁ። ሰኔ ላይ ምን አለ? ደብቀህ ልታገባ ነው እንዴ?

አሥራ ሁለት ኳስ ልኬልሃለሁ። ከማመስገንህ በፊት ካርቶኑን ከፍተህ በደንብ እያቸው።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ልጅህ ጥድፊያ

*

ታኅሣሥ 28

ይድረስ ለጥድፊያ

ፈጣሪ ውሎሽን ሁሉ ይባርክልሽ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሰው ሲያረጅ ደብዳቤ መጻፍም ደረጃ እንደመውጣት ይሆናል።

ኳሶቹ ደርሰዋል፤ እጅሽ ይባረክ። ድምፃቸው እንዴት ያምራል! የበፊቶቹ እንደ ተሰበረ ሲኒ ያንቃጭሉ ነበር፤ እነዚህ ጥርት ብለው ነው የሚናገሩት። ክበቡ ሁሉ አመስግኖሻል።

አዲስ አባል አግኝተናል። ፖስተኛው ነው፤ ደብዳቤሽን ሊያደርስልኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማን ቆየና ቦርሳውን አስቀምጦ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ሲራመድ ስለሚውል ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ እግሩን አያነቃንቅም። ጫማው አንድ ጊዜ ጭቅ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ዝም ነው። ሁሉንም በክንዱ ርዝመት ለማድረስ ይሞክራል፤ ሲያቅተው በአፍንጫው ይተነፍሳል። ሰርቪስ ሊጀምር ሲል ኳሱን ሁለት ጊዜ ያነጥራል፣ ሊያታልልሽ ሲፈልግ ግን ሦስት ጊዜ። ይህን እስካሁን የደረስኩበት እኔ ብቻ ነኝ።

የሰዓት መጠገኛ ሱቄን ለጊዜው ዘግቼዋለሁ። ሰዉ ሰዓቱን የሚያየው ስልኩ ላይ ሆኗል፤ እጁ ላይ ላለው ሰዓት የሚጨነቅ የለም። የክበቡን የዳኝነት ሥራዬን ግን አልተውኩም፤ ያቺው ከፍ ያለች ወንበር ላይ ነኝ።

ክበብሽን በተመለከተ፣ ቁልፍ ሠሪውን ወድጄዋለሁ። ሲመልስ ትንፋሹን ይይዛል? ደግሞ ጨዋታችሁ ሁልጊዜ እስከ ሃያ አንድ ነው?

ሌላ ነገር አልፈልግም፤ ወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ ካገኘሽ ብቻ ላኪልኝ። የወፈረ ይሁን። ከቻልሽ ደግሞ ሰኔን አትርሺ።

በሰላም ያገናኘን።

አጎትሽ

*

ጥር 15

ይድረስ ለአጎቴ

ጋሼ፣ ሰላምህ ይብዛ። ዛሬ ወሬ የለኝም፤ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ።

ኳሶቹ ብርቱካናማ ናቸው። አሥራ ሁለቱም። ሆን ብዬ ነው የላክሁት፣ ላናድድህ። ነጭ ያልሆነ ኳስ ኳስ አይባልም ብለህ ከይቅርታ ጋር ሦስት ወር የተኳረፍከው አንተ አይደለህም? ሦስት ገጽ ስድብ ስጠብቅ ድምፃቸው ያምራል አልከኝ። ስለ ፖስተኛው ሙሉ ገጽ ጻፍክልኝ፤ ረጅም ይሁን አጭር፣ ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ አልነገርከኝም። ጫማው ጭቅ ይላል ብቻ። ከዚያ ተነስቼ የስድስት ዓመት ደብዳቤዎችህን ከሣጥን አውጥቼ በተርታ ደረደርኳቸው። የመጀመሪያው ላይ አንድ መስመር አሥራ አራት ቃል ይይዛል። የመጨረሻው ላይ አራት። አሁን ደግሞ ወፍራም እስክሪብቶ ላኪ ትለኛለህ፤ ሱቁም ተዘግቷል።

ዓይንህ ምን ሆነ?

ለምን ሰኔ እንደሆነ ንገረኝ። አትቀልድብኝ፣ በናትህ። (አዎ፣ እስከ ሃያ አንድ ነው። በስንት ሊሆን ኖሯል?)

እስክሪብቶዎቹን ልኬያለሁ።

ልጅህ

*

መጋቢት 3

ይድረስ ለዓይኔ ብርሃን

እንደዚህ ብዬሽ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን ቃሉ ቦታውን ያገኘ መሰለኝ። እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽን በሥራ መነጽሬ፣ በዚያች ሰዓት በምፈታባት፣ አንድ አንድ ፊደል እየለቀምኩ ሁለት ቀን አነበብኩት። «በናትህ» የምትለዋ ላይ ብዙ ቆየሁ። እናቴ ያንቺም አያት ናት፤ በሁለታችን ነው የማልሽው።

እውነቱን ልንገርሽ። መሃሉ ጠፍቷል። ዳር ዳሩ አለ። ሰው ፊት ለፊቴ ሲቆም ጫማውንና ትከሻውን አያለሁ፣ ፊቱ ግን በጣት የተጠረገ ቀለም ነው። ኳሱ ከራኬቱ ሲነሳ አየዋለሁ፣ መረቡ ጋ ሲደርስ ይጠፋል፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ላይ ብቅ ይላል። መጫወት ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል፤ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ዳሩም ከሰኔ በኋላ ይቆይ አይቆይ ሊነግረኝ አልቻለም። ሳላይሽ እንዳይዘጋብኝ ፈራሁ። ነገሩ ይኸው ነው። ያልነገርኩሽ፣ በርሬ ልምጣ ብለሽ ሥራሽን እንዳትጥይብኝ፣ ደግሞም አልመጣም እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው። ሁለቱንም እኩል ፈራሁ።

የክበቡ ሰዎች አያውቁም ብዬ ነበር። ዳኝነቱን በጆሮዬ ነው የምሠራው፤ ጠርዝ የነካ ኳስ ድምፁ ሌላ ነው፣ መረብ የነካም እንደዚያው። ለካ ሁሉም ያውቃሉ። አንድ ቀን ልብ ብዬ ሳዳምጥ፣ እኔ ሳልፈርድ በፊት ጥፋተኛው ራሱ ይናገራል። «ነክቶኛል ጋሼ!» ይላል ግድግዳው። «ወጥቷል፣ የእሱ ነጥብ ነው» ትላለች ወይዘሮዋ። ድሮ ለአንዲት ነጥብ ሰማይና ምድር የሚያናውጡ ሰዎች አሁን በገዛ ራሳቸው ላይ ለመመስከር ይሽቀዳደማሉ። ፀጉር አስተካካዩም ይቅርታ የሚለው ጮክ ብሎ ሆኗል፤ ለተጋጣሚው ሳይሆን ለእኔ እንዲሰማ። ይህን የተረዳሁ ዕለት ወንበሬ ላይ ሆኜ አለቀስኩ፤ ጉንፋን ነው አልኳቸው።

አሁን ደግሞ ተራው ያንቺ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለሽ ከስፖርት ጽሕፈት ቤት አንድ ደብዳቤ መጣልን። ከዛሬ ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ጨዋታው እስከ አሥራ አንድ ነው ይላል። እኔ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ በአሥራ አንድ ሰው ሰውነቱ ሳይሟሟቅ ይሸነፋል ብዬ። ሌሎቹም ደስ አላቸው። ላንቺ የነገረሽ የለም። በሃያ አንድ የቀረነው እኛ አንድ ክፍል ውስጥ ያለን ጥቂት ግትሮች ነን፤ ያቺ አበባ ሻጭ ደግሞ በሃያ አንድ ተሸነፈችልሽ። ቁልፍ ሠሪሽ ግድግዳው ነው። የጥርስ ሐኪሙ ይቅርታ ነው። አበባ ሻጭዋ ማን እንደሆነች ላንቺ አልነግርሽም።

ክበብ የለሽም፣ አይደል? አልተቆጣሁም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅሽ፤ ብቻሽን ነሽ እንዴ?

አጎትሽ

*

መጋቢት 24

ይድረስ ለጋሼ

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ጤና ላንተ ይሁን፣ ያለችህን ብርሃን ፈጣሪ ያቆይልህ። ደብዳቤህን አውቶቡሱ ውስጥ፣ ተሳፋሪ ሁሉ ከወረደ በኋላ ነው ያነበብኩት። አራት ደቂቃ ዘገየሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው።

በአሥራ አንድ! ጋሼ፣ አዋረድከኝ እኮ። ስድስት ዓመት በተሳሳተ ቁጥር ስዋሽ ኖሬያለሁ።

ክበብ የለኝም። አዳራሹ ግን አለ፤ እሱን አልዋሸሁም። ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጃለሁ። ኳሱ ሲነጥር ከውስጥ ሰማሁና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። መጀመሪያ ዓመት ላይ «ራኬት እስከያዝሽ ድረስ ስላንቺ አልሰጋም» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። እንዳትሰጋ ያዝኩ አልኩህ። ከዚያ አባላት ያስፈልጉኝ ነበር፣ የማውቃቸው ደግሞ የኛዎቹን ነው። አዎ፣ ብቻዬን ነኝ። ሁልጊዜ አይደለም፤ ግን ብዙውን ጊዜ።

አንድ የባሰ አለ፤ አሁን ካልነገርኩህ መቼም አልነግርህም። ታክሲው አልቸኮለም። ለአሥር ሰዓት ቀጥሬዋለሁ ብዬህ ነበር፤ የቀጠርኩት ግን ለዘጠኝ ነበር። ጨዋታው ካለቀ ራኬታችንን አስቀምጠን መሳሳም ነው፣ ከዚያ ደህና ሁን ማለት ነው። አልቻልኩበትም። ሳይጨርሱ መሮጥ ቀለለኝ። እረፍትም በተራ አይደለም፤ በየዓመቱ ነበረኝ። መጥቼ እነዚያን ነጥቦች ከጨረስን እዚያ የሚጠብቀኝ ነገር የሚያልቅ መስሎኝ ነው የቀረሁት። ሰሌዳው አሥራ ዘጠኝ እኩል እስካለ ድረስ አንተም ያለህበት የምትቆይልኝ ይመስለኝ ነበር። አንተ ግን ስትጠብቀኝ ዓይንህ አላስጠበቀህም። ይቅር በለኝ፣ ጋሼ።

ዛሬ ፈቃዴን አስፈርሜያለሁ። ግንቦት 8 እመጣለሁ፤ ለአንድ ወር ሙሉ።

ትናንት ደግሞ ሐሙስ ነበር። ገባሁ። በሹራብ ሥራ እጇ የፈጠነ አንዲት ጡረተኛ በአሥራ አንድ ለሁለት ጠርጋ አወጣችኝ። እውነትህን ነው፤ ሰው ሳይሟሟቅ ነው የሚሸነፈው። ለሚቀጥለው ሐሙስ ነይ ብላኛለች።

እንዴት ነው የምንጫወተው ግን? እንዴትስ ታውቀኛለህ?

ልጅህ ጥድፊያ

*

ሚያዝያ 12

ይድረስ ለጥድፊያ

የሚያመጣሽን መንገድ ሁሉ ያቅናልሽ፤ ሹፌሩንም ጭምር፣ አንቺ አይደለሽምና እሰጋለሁ።

ታክሲውን በተመለከተ፣ እኔ እኮ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ከአሥራ አምስት እኩል እስከ አሥራ ዘጠኝ እኩል ድረስ ከበሩ በላይ የተሰቀለውን ሰዓት ሰባት ጊዜ አየሽ። ዘጠኝ ሊሆን ሲል ሰርቪስሽ ተበላሸ። ያኔውኑ ገብቶኛል። እኔስ ምን ሳደርግ የነበርኩ ይመስልሻል? ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ግድግዳው ተጫውቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን ኳሱን እየመለስኩ፣ እየመለስኩ፣ እንዳያልቅ አቆየሁት። ሁለታችንም አንድ ሥራ ላይ ነበርን። ይቅርታሽን ለፀጉር አስተካካዩ ስጪው፣ እኔ ጋ ቦታ የለውም።

ክበቡ አንቺን ለመቀበል ይተራመሳል። ሰሌዳው አቧራ ስለጠጣ ይጠረግ ተባለ፤ ቁጥሮቹ እንዳይንቀሳቀሱ ግን ግድግዳው በሁለት እጁ ይዞ ወይዘሮዋ በመድኃኒት ጥጥ ጠረገችው፣ ይቅርታ ደግሞ ቆሞ ሁለቱንም ያዛል። ፖስተኛው ይህን ደብዳቤ በእጁ ተቀብሎኛል፤ ሳጥን ውስጥ አልጥለውም፣ ራሴ ነኝ የማደርሰው ብሎ ፎክሯል። የአገሩን ርቀት አልነገርኩትም።

እንዴት እንጫወታለን ላልሽው፣ ኳሱ መሃል ላይ ይጠፋብኛል፣ ጠረጴዛውን ሲመታ ግን ይነግረኛል። ሰርቪሱ ያንቺ ነው። አዝነሽልኝ ቀስ እንዳትመቺ፤ ሐዘን የያዘው ኳስ ድምፁ ያስታውቃል። የላክሻቸውን ብርቱካናማዎች እንጠቀማለን። ወደድኳቸው አልልም፤ ነገር ግን በዳር ዓይኔ ከነጩ ይልቅ ይታዩኛል። ይህን ለይቅርታ ትነግሪውና ተጣላን።

ካለቀስ ምን ይቀራል ብለሽ ፈርተሻል። ሃያ እኩል ከሆንን በሁለት ነጥብ ልዩነት ነው የሚያልቀው፤ ያ ደግሞ ግትር ሰዎች ከተገናኙ ብዙ ሊያስመሽ ይችላል። አልፎ ካለቀም ሰሌዳውን ወደ ዜሮ እንመልሰዋለን። ዜሮ እኩልም እኩል ነው። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ያቺን ሹራብ ሠሪ አትቅሪባት፤ እንዴት እንደምትጫወት እየጻፍሽልኝ ትኖሪያለሽ። እውነተኛዋን ግን።

አንድ ነገር ቀድሜ ላስጠንቅቅሽ። ቀጥ ብዬ የማየው ሰው ፊቱ ይጠፋብኛል። ስለዚህ ሃያ ሁለቱን ደረጃ ወጥተሽ፣ በሩን ከፍተሽ ስትገቢ፣ ሁሉም እየተንጫጩ ሲያቅፉሽ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ብታገኚኝ፣ አኩርፎ ነው እንዳትዪ። እያየሁሽ ነው።

አጎትሽ